ከጎማው ወደ መሪው
የተከበራችሁ የትራክተር ባለቤቶች፣ ሾፌሮች፣ የጋራዥ ባለሙያዎች፣ የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች፣

የዚህ መድረክ አዘጋጆች የግብዣውን ወረቀት ሲልኩ አንድ ጥያቄ አያይዘው ነበር። ጥያቄው በአርሲና በባሌ ሜዳ በየጋራዡ በር የሚሰማ ነው፦ «የአሮጌ ትራክተር መሪ ባዶውን መዞር ሲጀምር፣ የመሪው ሳጥን ይቀየር ወይስ ትራክተሩ ይሸጥ?» የዛሬው ዲስኩር መልስ ከሁለቱም አይደለም። ክሪክ አምጡና የፊት ጎማውን ከመሬት አንሱ፤ መልሱ ይህ ነው። ያረጀ መሪ የሚመረመረው ከታች ወደ ላይ፣ ከጎማው ወደ መሪው ነው። ይህ ሐሳብ ዛሬ ጠዋት ደጋግሞ ይነሣል፤ መደጋገሙም ታስቦበት ነው። የሰው እጅ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ላይ፣ ሾፌሩ ችግሩን ወደሚሰማበት ቦታ ነውና።

አካሄዱ እንዲህ ነው። በቅድሚያ ማሽኑን እናያለን፤ ቀጥሎ ልልነቱ ከየት እንደሚመጣ፤ ከዚያ ፍተሻውንና ጥገናውን። ረዘም ያለ ጊዜ የሚሰጠው ለፔርኖና ለቦኮላ፣ ማለትም ጎማው ለሚዞርበት ቋሚ ዘንግና ዘንጉ ለሚሽከረከርበት ቀለበት ነው። ብዙ ስሕተት የሚሠራው፣ ብዙ ገንዘብም የሚባክነው እዚያ ነው።

ለምሳሌ የተመረጠውን ማሽን በዚህ አዳራሽ የማያውቀው ያለ አይመስልም፤ ቀዩ ማሲ ፈርጉሰን 135 ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 መገባደጃ ለገበያ ወጣ። በብዛት የታወቀው ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተሩ ነው፤ ጉልበቱ 45 የፈረስ ጉልበት ገደማ፣ ክብደቱ አንድ ቶን ተኩል አካባቢ ነው። ከተሠራባቸው ቦታዎች አንዱ በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ የነበረው የባነር ሌን ፋብሪካ ነው። ከዚያው ፋብሪካ ቀደም ሲል፣ እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1956 ባሉት ዓመታት፣ ቲኢ 20 የተባለችው ግራጫዋ ፈርጉሰን ከ500 ሺህ በላይ ሆና ወጥታለች። የሁለቱም ዘር የሚመዘዘው ከአየርላንዱ ሰው ከሃሪ ፈርጉሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 ራሱ በሠራው አውሮፕላን የበረረ ሰው ነው፤ ዛሬ እናንተ ማረሻችሁን የምታንጠለጥሉበት ባለ ሦስት ክንድ ማያያዣም የእሱ ሥራ ውጤት ነው።

ስለ መሪው ስናወራ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ሌላ ነው። በእነዚህ ትራክተሮች ላይ ከመሪው ሳጥን አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ሁለት ክንዶች ይወርዳሉ። ከእያንዳንዱ ክንድ አንድ ረጅም ዘንግ በሞተሩ ጎን ወደ ፊት ሄዶ የራሱን ጎማ ብቻ ያዛል። በመኪና ላይ የምታውቁት፣ ግራና ቀኙን ጎማ እርስ በርስ የሚያስተሳስረው ተሻጋሪ ዘንግ እዚህ የለም። ስለዚህ ግራው ሲላላ ቀኙ ደኅና ሊሆን ይችላል። አንደኛው ጎማ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ሌላው በራሱ ፈቃድ ይንከራተታል። ቀኙን ነቅንቆ «መሪው ደኅና ነው» ብሎ የሚነሣ መካኒክ ግማሹን ትራክተር ብቻ ነው ያየው።

እዚህ ላይ የአሰላ ሽማግሌዎች የሚያስታውሱትን አንድ ነገር ማንሣት ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ በጭላሎ አውራጃ የተጀመረው፣ ካዱ በሚለው ምኅጻሩ የሚታወቀው የእርሻ ልማት ሥራ መቀመጫው አሰላ ነበር። በዚያ ዘመን ትራክተር የባለርስት ሀብት ነበር። ብዙ ጭሰኛም ትራክተር መጣ ሲባል ከመሬቱ የመፈናቀል ዜና ይሰማ ነበር፤ ያ የሚያምም ትዝታ ነው። ዛሬ ነገሩ ተቀይሯል። አንድ ትራክተር በኪራይ የስንቱን ገበሬ ማሳ ያርሳል፤ ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው ይጓዛል፤ አዝመራ ሲደርስም ተጎታች ይዞ እህል ያመላልሳል። ለመሪው ክፍሎች የዚህ ትርጉም ቀላል ነው። የአንድ ባለርስት ትራክተር እርሻው ላይ ይውል ነበር፤ የኪራይ ትራክተር ደግሞ የሚውለው በእርሻውም በመንገዱም ነው። ጠጠር መንገድ ላይ በየጉድጓዱ የሚመታው የፊት ጎማ ምቱን የሚያስተላልፈው ለፔርኖው፣ በዘንጉ ጫፍ ላለው መገጣጠሚያ ለቴስቲኒውና ለሳጥኑ ነው። በበጋ አቧራው፣ በክረምት የጥቁር አፈር ጭቃው በየመገጣጠሚያው ይገባና ከግራሶው ጋር ተለውሶ ብረት የሚፍቅ ሊጥ ይሆናል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ልልነቱ ከየት ይመጣል ወደሚለው እንለፍ።

አንድ ቀላል ሒሳብ አብረን እንሥራ። የአንዱ ዘንግ የኋላ ቴስቲኒ ሁለት ሚሊሜትር ላልቷል እንበል። የፊተኛውም እንዲሁ ሁለት ሚሊሜትር። ከፔርኖው አናት ላይ የተቀመጠው ክንድ አንድ ሚሊሜትር ይጨምርበት። ድምሩ አምስት ሚሊሜትር ነው፤ የእርሳስ ውፍረት እንኳ አይሞላም። ከመሪው ሳጥን የሚወርደው ክንድ 18 ሴንቲሜትር ይረዝማል፣ መሪው 15 ዲግሪ ሲዞር ክንዱ አንድ ዲግሪ ይንቀሳቀሳል ብለን እንውሰድ። ያች አምስት ሚሊሜትር ሾፌሩ እጅ ላይ ስትደርስ ወደ 24 ዲግሪ የሚጠጋ ባዶ ዙር ትሆናለች። ከዳር እስከ ዳር 40 ሴንቲሜትር በሆነ መሪ ጠርዝ ላይ ሲለካ ይህ ከስምንት ሴንቲሜትር በላይ ነው።

ሾፌሩ የሚያየው ስምንቱን ሴንቲሜትር ነው። ሦስቱ ትንንሽ ልልነቶች አይታዩትም፤ ከወንበሩ በታች፣ ጭቃ ለብሰው የተቀመጡ ናቸው። ስለዚህ «ሳጥኑ ሞተ» ብሎ ይፈርዳል። ሳጥኑ ግን ምንም ላይሆን ይችላል፤ ከታች የመጣውን አባዝቶ ማሳየቱ ብቻ ነው። ሳጥን የተቀየረላቸው ትራክተሮች በሳምንታቸው ተመልሰው እዚያው ጋራዥ የሚቆሙት ለዚህ ነው። ደግሞም ከታች ያሉት ክፍሎች ዋጋ ከሳጥኑ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ከጎማው ወደ መሪው የሚባለው አንድም ለኪስ ሲባል ነው።

ፍተሻው ራሱ ሁለት ሰውና ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ነገር ግን ማንም ቁልፍ ከማንሣቱ በፊት ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛው የፊት ጎማዎቹ አየር ነው። ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ትራክተሩ ወደ ለሰለሰው ይጎትታል፤ ሁለቱም ከለሰለሱ መሪው ይከብዳል። ሁለተኛው ከኋላ የተንጠለጠለው ዕቃ ነው። ከባድ ዲስክ ማረሻ ሲነሣ የትራክተሩ አፍንጫ ይቀላል፤ የቀለለ የፊት ጎማ ደግሞ መሬት አይጨብጥምና መሪ አይሰማም። እነዚህን ሁለቱን ሳያይ ቴስቲኒ የሚፈታ መካኒክ ድካሙን ነው የሚያበዛው።

ከዚያ አንደኛው ሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጥ። ሞተሩ ይጥፋ፤ ጎማዎቹ መሬት እንደያዙ ይሁኑ። የተቀመጠው ሰው መሪውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ በትንሽ በትንሹ ይወዝውዝ፤ በጉልበት አይጠምዝዝ። ሌላው ሰው ጎንበስ ብሎ እጁን በየመገጣጠሚያው ያስቀምጥ። ከዓይን ይልቅ የጣት ጫፍ ይታመናል። ዓይን ያላየውን ልልነት ጣት እንደ ትንሽ ምት፣ እንደ «ጠቅ» ይሰማዋል። የሳጥኑ ክንድ ተንቀሳቅሶ ዘንጉ ዘግይቶ ከተከተለ፣ የኋላው ቴስቲኒ ነው። ዘንጉ ሄዶ የፔርኖው ክንድ ከዘገየ፣ የፊተኛው ነው። የፔርኖው ክንድ ዞሮ ጎማው ከቆመ፣ ክንዱ ከፔርኖው አናት ጋር የተያያዘበት ቦታ በልቷል። ይህ በግራ አንዴ፣ በቀኝ አንዴ ይደረግ፤ ሁለቱ ጎኖች እንደማይተሳሰሩ አይረሳ።

ቀጥሎ ክሪኩ ይምጣ። እዚህ ላይ ጥንቃቄው ግዴታ ነው። የኋላ ጎማዎቹ በግራም በቀኝም ታኮ ይደረግባቸው። የፊት አክስሉ መሃል ላይ በአንድ ፒን ተንጠልጥሎ እንደ ሚዛን የሚወዛወዝ ስለሆነ፣ በአክስሉና በሞተሩ አካል መካከል ጠንካራ የእንጨት ሽብልቅ በሁለቱም በኩል ይገባ። አለዚያ ትራክተሩ ሲነሣ ወደ ጎን ሊያጋድል ይችላል። ክሪክ ማንሻ ነው፤ መቆሚያው ሌላ ነው። ከስሩ ሰው የሚገባው የብረት ድጋፍ ወይም የማይሰነጠቅ ጉማጅ ግንድ ከተደረገ በኋላ ብቻ ነው። በድንጋይ ላይ ድንጋይ ደርቦ ትራክተር የሚያቆም ጋራዥ ካለ፣ ያንን ልማድ ዛሬውኑ ይተው።

ጎማው ከመሬት ሲለቅ አናቱንና ግርጌውን ይዛችሁ ነቅንቁት። የሚንቀሳቀስ ነገር መኖሩን ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ምን ከምን ላይ እንደሚንቀሳቀስ ማየት ያስፈልጋል። ጎማው ተንቀሳቅሶ ፔርኖው ከቆመ፣ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ምናልባት ዳዶውን ማጥበቅ ብቻ ይበቃው ይሆናል። ጎማውና ፔርኖው አብረው በአክስሉ እጅጌ ውስጥ ከተወዛወዙ ቦኮላው ነው። ይህን ልዩነት ያላየ ሰው ደኅናውን ኩሽኔታ አውጥቶ አዲስ ያስገባል፤ ልልነቱ ግን እንዳለ ይቀራል።

አሁን ጥገናው። ስለ ቴስቲኒ ብዙ የሚባል የለም፤ ያለቀ ቴስቲኒ አይጠገንም፣ ይቀየራል። ሁለት ነገር ብቻ ይታወስ። ሾጣጣ እግሩ በክንዱ ቀዳዳ ተጣብቆ እንቢ ሲል፣ ክሩን ከላይ በመዶሻ መምታት ክሩን ያበላሻል እንጂ አይፈታውም። ኮፒሊያው ወጥቶ ዳዶው ከላላ በኋላ የክንዱን ዓይን ከግራና ከቀኝ በሁለት መዶሻ ባንድ ጊዜ መምታት ነው። ዓይኑ ለቅጽበት ይለጠጥና እግሩን ይለቀዋል። ሌላው፣ አሮጌው ቴስቲኒ ከዘንጉ ሲወጣ ስንት ዙር እንደዞረ ይቆጠር፤ አዲሱም በዚያው ቁጥር ይግባ። ይህን ያላደረገ የጎማዎቹን አቅጣጫ ከዜሮ መጀመር ግድ ይሆንበታል። ኮፒሊያውም አዲስ ይሁን። የመሪ ዳዶን በሽቦ ቁራጭ ማሰር የሰው ነፍስ በሽቦ እንደማሰር ነው።

ይኸውና ወደ ፔርኖው ደረስን። ዲስኩሩ ረዘም አድርጎ የሚቆምበት ቦታ ይህ ነው።

ፔርኖ የትራክተሩ የፊት ክብደት የሚቆምበት፣ ጎማውም የሚዞርበት ቋሚ የብረት ዘንግ ነው። በአክስሉ ጫፍ ባለ ቋሚ እጅጌ ውስጥ ያልፋል። በእጅጌው የላይና የታች አፍ ላይ ቦኮላ አለ፤ ፔርኖው የሚሽከረከረው በእነዚህ ሁለት ቀለበቶች ውስጥ ነው። ከታች፣ እጅጌው በፔርኖው ትከሻ ላይ በሚያርፍበት ቦታ፣ ክብደት ተሸካሚ ኩሽኔታ ይቀመጣል። ትራክተሩ ሲቆም ያ ኩሽኔታ ተጨፍልቆ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ጎማው መሬት እንደያዘ የሚሰጥ ግራሶ ብዙውን ጊዜ ክብደቱ ወደሚያርፍበት ፊት አይደርስም፤ በቀላሉ በሚያገኘው መንገድ በላይ በኩል ይወጣል። ግራሶ ወጣ ብሎ ሾፌሩ ይረካል፤ ታች ያለው ኩሽኔታ ግን ደርቋል። ቢያንስ በየጊዜው አክስሉን በክሪክ አንሥቶ፣ ጎማውን ግራና ቀኝ እያዞሩ ግራሶ መስጠት የፔርኖውን ዕድሜ ያረዝማል። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ አንድ ነገር ብቻ ይዞ የሚሄድ ሾፌር ካለ፣ ይህን ይዞ ይሂድ።

ቦኮላው በልቶ ሲገኝ ፔርኖው ይወጣና ይለካል። በልቶ ያለቀ ፔርኖ ዙሪያውን እኩል አይበላም፤ ሸክሙ በሚጫነው ጎን ነው የሚሳሳው። በካሊፐር አንድ ጊዜ ለክቶ መተው ስለዚህ ያታልላል። በአንድ አቅጣጫ ይለካ፣ ሩብ ዙር ይዙር፣ እንደገና ይለካ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩ ፔርኖው ሞላላ ሆኗል፤ አዲስ ቦኮላ ቢገባለት በአንድ ክረምት ይበላዋል። የጣት ጥፍርም ጥሩ መለኪያ ነው። ቦኮላው ይቀመጥ ከነበረበት ቦታ ዳር ጥፍር ሲሳብ ደረጃ ካገኘ፣ ፔርኖው አልቋል ማለት ነው።

አሮጌው ቦኮላ የሚወጣው በትዕግሥት ነው። የነሐስ ከሆነ በብረት መጋዝ ምላጭ ከውስጥ በኩል በቁመቱ ይሰነጠቃል፤ መጋዙ እጅጌውን እንዳይነካ ማስተዋል ያሻል። ሲሰነጠቅ ይሸበሸብና በቀላል መዶሻ ይወድቃል። የአክስሉ እጅጌ ግን ከተቧጨረ ወይም ከተለጠጠ አዲሱ ቦኮላ አይጨብጥም፤ ያኔ ትንሽ የነበረው ሥራ ትልቅ ይሆናል።

አዲሱን በማስገባት ላይ በየጋራዡ የሚደገም ትዕይንት አለ። ወጣቱ ረዳት ቦኮላውን በእጅጌው አፍ ላይ ያስቀምጣል። ረጅም ቡሎን በመሃሉ ያሳልፋል፤ ከላይና ከታች ወፍራም ሮንዴላ ያደርግና ዳዶውን በቀስታ ያጠብቃል። ቦኮላው ሳይጣመም፣ አፉ ሳይቀጠቀጥ፣ ቀጥ ብሎ ይገባል። በመዶሻ ከመደብደብ ይህ እጅግ ይሻላል፤ ረዳቱም በሥራው ደስ ብሎታል። ፔርኖው ይገባል፣ ክንዱ ይታሰራል፣ ጎማው ይመለሳል። ከዚያ የግራሶ ፓምፑን ኒፕሉ ላይ ይሰካና ይገፋል። ፓምፑ እንቢ ይላል። ደግሞ ይገፋል፤ ግራሶው በኒፕሉ ጎን ተመልሶ እጁ ላይ ይፈሳል።

አለቃው ከጥግ ሆኖ ያያል። «ቀዳዳውን አይተኸዋል?» ይለዋል።

«የቱን ቀዳዳ፣ ጋሼ?»

«የቦኮላውን። ከኒፕሉ ጋር ካልተያየ ግራሶው በየት ይለፍ?»

ቦኮላው ጎን ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ያች ቀዳዳ በእጅጌው ላይ ካለው የኒፕል ቀዳዳ ጋር ፊት ለፊት መግጠም አለባት። ረዳቱ ቦኮላውን ትንሽ አዙሮ ነው ያስገባው፤ አሁን ሁሉም ነገር ተመልሶ ይፈታል። ልጁን ተሳሳተ ብሎ መቆጣት አይገባም፤ ብዙ ባለሙያ ሙያውን የተማረው በእንዲህ ያለው ከሰዓት ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ቦኮላው ከመግባቱ በፊት በእጅጌው አፍ ላይ ከኒፕሉ ትክክል በጠመኔ መስመር ይሰመር፣ በቦኮላው አፍም ላይ ከቀዳዳው ትክክል እንዲሁ፤ ሁለቱ መስመሮች እንደተገናኙ ይግባ። ከገባም በኋላ ፔርኖው ከመመለሱ በፊት ቀጭን ሽቦ በኒፕሉ ቀዳዳ ሰዶ ወደ ውስጥ መዝለቁን ማየት ነው።

ቦኮላ ሲገባ ይጠባል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ በሪመር መስፋት ይፈልጋል። የላዩና የታቹ በአንድ መስመር እንዲሆኑ ረጅም ሪመር በሁለቱም ውስጥ ባንድ ጊዜ ቢያልፍ ይመረጣል። ፔርኖው በእጅ ሲገፋ መግባት፣ በእጅ ሲዞር መዞር አለበት፤ ወደ ጎን ሲነቀነቅ ግን ምንም መሰማት የለበትም። በመዶሻ የሚገባ ፔርኖ መሪውን ያከብዳል፤ ሾፌሩም ሲታገል ቴስቲኒውን ይጨርሳል።

ፔርኖው ራሱ ካለቀስ? እዚህ ላይ ይህ ዲስኩር ጠንከር ያለ ቃል ለመናገር ይገደዳል። የተበላ ፔርኖን በብየዳ ሞልቶ ቶርኖ ላይ ማስተካከል በብዙ ቦታ የሚደረግ ነገር ነው። ርካሽ ነው፤ ሲያዩትም አዲስ ይመስላል። ነገር ግን ፔርኖ የሚሠራው በሙቀት ከታከመ ጠንካራ ብረት ነው። የብየዳው እሳት ያንን ጥንካሬ በተበየደበት ቦታ ዙሪያ ይለውጠዋል፤ አንዱ ቦታ ይለሰልሳል፣ ጎኑ ያለው ደግሞ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስንጥቁ ከላይ ሳይታይ ከውስጥ ይጀምርና በየጉድጓዱ ምት ያድጋል። የሚሰበረውም በጋራዥ ውስጥ አይደለም፤ ተጎታች ሞልቶ ቁልቁለት ሲወርድ ነው። በተጎታቹ ላይ ደግሞ ከእህሉ ጆንያ በላይ ሰው ተቀምጦ እንደሚሄድ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የፔርኖም፣ የቴስቲኒም፣ የመሪ ክንድም ብየዳ ይቅር። በያጅ ወንድሞች ቅር እንዳይላቸው፤ ተጎታቹን፣ የማረሻውን ፍሬም፣ መከላከያውን እነሱ ካልበየዱት ማን ይበይደዋል? መሪን ግን አይንኩ።

አማራጭ አለ። አንዱ አዲስ ፔርኖ መግዛት ነው፤ የዚህ ትራክተር ምርት ከተቋረጠ አሥርት ዓመታት ያለፉት ቢሆንም፣ በዓለም ላይ በጣም ብዙ ስላለ መለዋወጫው ዛሬም ይሠራል። ሌላው ከጥሩ ቶርኖ ቤት ጋር መሥራት ነው። የመበላቱ መጠን ትንሽ ከሆነ የቶርኖ ባለሙያው ቦኮላው የሚያርፍበትን ቦታ በጥቂቱ ልጦ ክብ ያደርገዋል፤ ከዚያ ለዚያ ልክ የጠበበ የነሐስ ቦኮላ ቀርጾ ያወጣል። ብረት አይጨመርም፣ እሳት አይነካም። እርግጥ ነው፣ ሊላጥ የሚችለው መጠን ወሰን አለው፤ የሳሳ ፔርኖም አቅሙ ይቀንሳል። ይህን የሚወስነው ካሊፐሩ ይሁን፤ የደንበኛው ጥድፊያ አይሁን።

የአክስሉን መሃል ፒን በአጭሩ እንለፈው። አክስሉ የሚወዛወዝበት ይህ ፒንም የራሱ ቦኮላ አለው። በረጅም ብረት አክስሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስታነሡት ከተንቀሳቀሰ በልቷል። ሲበላ አክስሉ በሙሉ ይዋልላል፤ ሁለቱም ጎማ አብሮ አቅጣጫ ይስታል፤ ሾፌሩም መሪውን ሳያዞር ትራክተሩ የዞረ ይመስለዋል። አሠራሩ ከፔርኖው ቦኮላ ጋር አንድ ነው፤ ችግሩ ኒፕሉ ከሥር ተደብቆ ስለሚኖር ግራሶ የሚያስታውሰው ሰው ማነሱ ነው።

አሁን፣ ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ወደ መሪው ሳጥን እንድረስ። ሁሉም ከታች ተስተካክሎ አሁንም ባዶ ዙር ካለ፣ ያኔ ሳጥኑ ተጠያቂ ነው። በ135 ሳጥን ውስጥ የሚንከባለሉ የብረት ኳሶች አሉ፤ ሥራው ለስላሳ የሚሆነውም በእነሱ ነው። ዘይቱ ተንጠባጥቦ ካለቀ እነዚህ ኳሶች በደረቁ ይፋጫሉ። ስለዚህ ከማንኛውም ማጥበቅ በፊት ዘይቱ ይታይ፤ ውኃ ገብቶበት ወተት መስሎ ከሆነም ይለወጥ።

ሳጥን ሲጠብቅ የሚሠራ ስሕተት አለ። ትራክተር አብዛኛውን ዕድሜውን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ የሳጥኑ ጥርስ የሚበላው መሃሉ ላይ ነው፤ ዳርና ዳሩ ብዙም አይነካም። መካኒኩ መሪውን ቀጥ አድርጎ መሃል ላይ ያለውን ልልነት እስኪያጠፋ ካጠበቀ፣ መሪው ወደ ዳር ሲዞር ያልተበላው ጥርስ ይነክሳል። ሾፌሩ ማሳ ጫፍ ደርሶ ሲጠመዝዝ መሪው ይይዘዋል። ስለዚህ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተነሥተው፣ መሪው ከዳር እስከ ዳር ዞሮ፣ የትም ቦታ ሳይነክስ የሚቀረው ጥቂት ልልነት መሃል ላይ ቢኖር ይመረጣል። ትንሽ የላላ ሳጥን ትንሽ ከሚነክስ ሳጥን ይሻላል።

አንድ ሥራ ቀርቷል፤ የጎማዎቹ አቅጣጫ። ቴስቲኒ ወይም ፔርኖ የተነካበት ትራክተር የፊት ጎማዎቹ ከፊት በኩል ከኋላው ጥቂት ተቀራርበው መቆም አለባቸው። በእንዲህ ያለው ትንሽ ትራክተር ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ ከ0 እስከ 6 ሚሊሜትር ነው። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጠፍጣፋ መሬት፣ ጠመኔና ሜትር ይበቃል። መሪው ቀጥ ይበል። በሁለቱም ጎማዎች የፊት ፊት ላይ፣ በጎማው መሃል ከፍታ፣ በጠመኔ ምልክት ይደረግና በምልክቶቹ መካከል ያለው ርቀት ይለካ። ከዚያ ትራክተሩ ጎማዎቹ ግማሽ ዙር እስኪዞሩ ወደ ፊት ይገፋ፤ ምልክቶቹ አሁን ከኋላ፣ በዚያው ከፍታ ላይ ናቸው። እንደገና ይለካ። የኋላው ከፊተኛው በጥቂት ሚሊሜትር ቢበልጥ ተስተካክሏል። ካልሆነ ዘንጎቹ በክራቸው ይርዘሙ ወይም ይጠሩ፤ ግን ሁለቱም እኩል። አንዱን ብቻ ማሳጠር ጎማዎቹን ያስተካክልና መሪውን ጠማማ ያስቀምጠዋል።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ከአዳራሹ ውጭ፣ ከዛፉ ሥር፣ አንድ ትራክተር ቆሟል። ባለቤቱ በፈቃደኝነት ያመጣው ነው፤ መሪው ባዶ እንደሚዞር ራሱ ተናግሯል፣ የቱ ክፍል እንደሆነ ግን ማንም ገና አልነካውም። ክሪኩ፣ ሁለት ጉማጅ ግንድ፣ ሽብልቅ፣ ካሊፐርና ጠመኔ ተዘጋጅተዋል። ከሠልጣኞቹ አንዱ ወንበሩ ላይ ይውጣና መሪውን ይወዝውዝ፤ ሌሎቻችሁ በተራ በተራ ጎንበስ ብላችሁ ጣታችሁን በየመገጣጠሚያው አስቀምጡ። በግራው ዘንግ እንጀምር። ከዚያ በፊት ግን ለኋላ ጎማዎቹ ታኮ የሚይዙ ሁለት ሰዎች ወደ ፊት ይምጡ።